ከጠጅ ጋን እስከ ካሜራ፦ የእንጦጦ ንብ ታሪክ

በመስከረም 1880 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የተደገሰው ድግስ ለዘመኑ ሰው ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ያሠሩት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ የዝግጅቱን ኃላፊነት የያዙት ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል ነበሩ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል ሲጽፉ ለዚህ ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። ስለ ሥጋው፣ ስለ እንጀራውና ስለ ወጡ ተጽፏል፤ ስለ ጠጁም እንዲሁ። በዚያ ዘመን ያለ ጠጅ ግብር ግብር አይባልም፤ ያለ ማርም ጠጅ የለም።

ማሩን የሠራችው ግን በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ አላገኘችም።

ስለ እንጦጦ የተጻፈው ታሪክ በአመዛኙ የነገሥታት፣ የመኳንንት፣ የካህናትና የውጭ መልእክተኞች ታሪክ ነው። ንቧ ከሁሉም ቀድማ እዚያ ነበረች። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍል ውሃ ሲወርድ አብራ አልወረደችም፤ ጥዱ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ሲተከልም ጋራውን ለቃ አልሄደችም። ዛሬ ከየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች ወደ ጋራው የሚወጡ ወጣት ፎቶ አንሺዎች አደይ አበባ ላይ ስትበር ሊያነሷት የሚደክሙላት ንብ የዚያችው ዘር ናት። እሷን በምስል የማስቀረት ታሪክ ደግሞ ከጋራው ታሪክ ተለይቶ የሚነገር አይደለም።

ጠጅና ጧፍ

ማር በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ከጣፋጭ ምግብ በላይ ነበር። ግብር ነው፣ የማዕረግ ምልክት ነው፣ የመስተንግዶ መለኪያ ነው። ገባሩ ከእህሉና ከከብቱ ጋር ጉንዶ በሚባል ዕቃ እየሞላ የሚያስገባው ማር ከየአውራጃው ተጭኖ ወደ ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» ውስጥ የድሮውን የግብርና የቤተ መንግሥት ሥርዓት ሲዘረዝሩ ማር በየቦታው ብቅ ይላል። ጥሩ ጠጅ ለረዥም ዘመን የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ኖሯል፤ ተራው ሰው ጠላውን ይጠጣ ነበር። ጠጅ ቤት በየሰፈሩ ተከፍቶ ብርሌ በማንም እጅ የገባው አዲስ አበባ ከተማ ሆና ገንዘብ በገበያዋ መዘዋወር ከጀመረ በኋላ ነው።

የጠጅ አሠራር ብዙ አልተለወጠም። ማሩ ከነሰፈፉ በውሃ ይበጠበጣል፤ ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ ይገባል። ጋኑ አስቀድሞ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ብጥብጡ ጥቂት ቀን ከተቀመጠ በኋላ ሰፈፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እሱ ተገፍፎ ጌሾው ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው፦ እንደ አየሩ ሙቀት ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በእንጦጦ ብርድ ጠጅ ለመድረስ ከቆላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

የተገፈፈው ሰፈፍ አይጣልም። ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይወጣዋል፤ ሰሙ በጥጥ ፈትል ላይ እየተቀባ ጧፍ ይሆናል። እንጦጦ ማርያምና ራጉኤል፣ ከእንጦጦ በስተምሥራቅ የካ ሚካኤል፣ ከአለት የተፈለፈለው የየካው ዋሻ ሚካኤልም ሌሊት ለማኅሌት የሚያበሩት ጧፍ መነሻው ይኸው ነው። የቤተ መንግሥቱ መጠጥና የቤተ ክርስቲያኑ መብራት ከአንድ ቀፎ ይወጡ ነበር ማለት ይቻላል። የተረፈው ሰም ለነጋዴ ይሸጣል፤ ከቡና፣ ከቆዳ፣ ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ጋር ወደ ውጭ ከሚላኩት የአገሪቱ ሸቀጦች አንዱ ነበር።

ንብ ማነብ እንዲህ ያለ ክብር ቢኖረውም ሥራው የተራ ገበሬ ነበር። ከ1512 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገበሬው ቀፎውን በሚኖርበት ቤት ግድግዳ አስጠግቶ እንደሚያኖር፣ ንቡም ወደ ውጭ በተከፈተ ትንሽ ቀዳዳ እንደሚመላለስ ጽፏል። በሸዋ ገጠር ቀፎን ከቤት ጣሪያ ሥር ወይም ከዛፍ ላይ መስቀል ዛሬም ያለ ልማድ ነው። ቀፎው ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ መንጋ እንዲገባበት በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ሽታው ደስ በሚል ቅጠልም ይታሻል። ማር የሚቆረጠው በሌሊት ነው። አናቢው እበት አጭሶ ንቡን ካረጋጋ በኋላ የማር እንጀራውን በእጁ እየዳሰሰ ያወጣል። በጨለማ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ሞያው የእጅና የጆሮ ነው፤ ልምድ ያለው አናቢ መንጋው ሊወጣ ሲያስብ፣ ሲቆጣ ወይም አውራዋ ስትጠፋ የንቡን ድምፅ ሰምቶ ይለያል።

ልብሱን የቀየረው ጋራ

ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ የጋራው ዋነኛ ዛፍ ጥድና ወይራ ነበር። ከፍ ብሎ ኮሶ፣ አሜጃና ውጨና፣ ወደ ቁልቁለቱ ቀጋና ግራዋ ይገኛሉ። ለንብ ይህ የተሟላ ገበታ ነው። ክረምቱ ሲያባራ በየሜዳው ማጌቱ፣ መጩና አደይ አበባው ይፈካል፤ የመስከረምና የጥቅምት ቀሰም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የኅዳር ማርም የዚሁ ውጤት ነው። አደዩ ሲረግፍ ኮሶው ይከተላል፤ በጥርና በየካቲት ግራዋው ነጭ አበባውን ያወጣል።

ከተማ ግን እንጨት ይበላል። በ1870ዎቹ ሠራዊቱና ተከታዩ ሕዝብ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ የጋራውን ደን ጨረሰው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ችግሩ አብሮ ወረደ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ከተማቸው በማገዶ እጥረት ተይዛ ነበር፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብም ደርሷል። አዲስ አበባን ያዳናት በ1880ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማውንም ጋራውንም ወረሰው፤ ነጭ ባሕር ዛፍ የእንጦጦ መለያ እስኪመስል ድረስ።

ባሕር ዛፍ ብዙ ተወቅሷል። ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ይባላል። ንቧ ግን የራሷ ሒሳብ አላት። ባሕር ዛፍ በአበባው ውስጥ ብዙ ወለላ ስላለው ለማር ከሚጠቅሙ ዛፎች አንዱ ነው፤ አደዩና መጩ በጠፉበት ወቅትም መንጋውን ከረሃብ ያወጣል። የተወሰደባት ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ በየወሩ እየተፈራረቀ ይደርስላት የነበረው የአገር በቀል አበባ ቀነሰ፤ መንጋ የሚገባበት የሽማግሌ ዛፍ ፍልፍልም ከጥዱና ከወይራው ጋር ጠፋ። ባሕር ዛፍ ሳያረጅ ስለሚቆረጥ ፍልፍል አያወጣም።

ሦስተኛው ለውጥ በቅርቡ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በጋራው ምሥራቃዊ ክፍል የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክን ይዞ ባሕር ዛፉን እያነሳ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ መትከል ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ያሠራው እንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የከተማው ሰው እንጨትና ቅጠል ከተሸከሙ እናቶች ጋር ይጋራው የነበረው ዳገት የመዝናኛ ቦታ ሆነ። ካሜራ የያዘ ወጣት በብዛት መታየት የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ለጋሲዮንና የመርፌ ንብ

ከአድዋ ድል በኋላ መልእክተኞቻቸውን ወደ ምኒልክ የላኩ መንግሥታት የተሰጣቸው ቦታ በአብዛኛው ዛሬ የካ በሚባለው አካባቢ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ ከቀበና ወንዝ ወዲያ ወዲህ ለጋሲዮን ለሚባለው የመልእክተኛ ቤታቸው ሰፊ ግቢ አጠሩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ዛሬ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ለጋሲዮኖቹ ከፖለቲካው ሌላ ለታሪክ የተዉት ነገር አለ። የገብረ ሥላሴን ዜና መዋዕል በፈረንሳይኛ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ላይ ያሳተመው በአዲስ አበባ የፈረንሳይ ሚኒስትር የነበረው ሞሪስ ደ ኮፔ ነው፤ የእንጦጦው ድግስ ዝርዝር ለውጭ አንባቢ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። በእንግሊዙ ለጋሲዮን ግቢ ደግሞ በ1902 ዓ.ም. ዊልፍሬድ ቴሲጀር ተወለደ፤ በኋላ የዓረብን በረሃ በግመል አቋርጦ በፎቶግራፉ ዓለም ያወቀው ሰው ነው።

የአገሩን ነፍሳት በደንብ ያየ እንግሊዛዊ ግን ሌላ ነበር። የነፍሳት ተመራማሪው ሂዩ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ከዮሴፍ ኦመር ኩፐር ጋር መጥቶ በአዲስ አበባ ዙሪያና ከዚያ ራቅ ያሉትን ደጋዎች እየዞረ ነፍሳት ሰበሰበ። የዚያ ዘመን አሠራር ቀላልና ጨካኝ ነው። ነፍሳቱ ይገደላል፣ በቀጭን መርፌ ይሰካል፣ ከሥሩ የጣት ጥፍር የምታክል ወረቀት ይደረጋል። ወረቀቷ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በደቃቅ ጽሑፍ ይሰፍራል። ያለ ወረቀቷ መርፌ ላይ ያለው ነገር ለሳይንስ አይረባም።

የተሰካ ንብ ስለ ክንፏ ቅርጽና ስለ ጸጉሯ ቀለም ብዙ ይናገራል፤ እንዴት እንደምትበር ግን አይናገርም። ያን ለማወቅ በሕይወት ሳለች ማየት ያስፈልግ ነበር።

ካሜራ የማይደርስባት

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የጦር ሠራዊት ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ከባድ ካሜራ ተሸክመው ተራራውንና ሰፈሩን አንስተዋል። እንጦጦና አዲስ አበባ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በፎቶግራፍ ተመዝግበዋል። ምኒልክ ራሳቸው ለአዲስ መሣሪያ ሁሉ ልባቸው ክፍት ነበር፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ሞያውን ልጆቹ ኃይጋዝና ቶርኮም ወረሱት፤ ቶኒ በሚል ስም የታወቀው ቶርኮም እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ፍጻሜ ድረስ የንጉሡን ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል።

በዚያ ዘመን ፎቶ ውስጥ ሁሉም ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ምስሉ የሚቀረጽበት መስታወት ብርሃን የሚቀበለው በዝግታ ስለነበረ በፍጥነት የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዝ ነበር። የሚሮጥ ፈረስ የማይዝ ካሜራ ንብን አይዝም። በድሮ የአዲስ አበባ ፎቶዎች ላይ የመስክ አበባ ሊታይ ይችላል፤ አበባው ላይ የዋለችው ንብ ግን የለችም።

በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ ግን የነፍሳት በረራ እንቆቅልሽ እየተፈታ ነበር። ሐኪሙና ተመራማሪው ኤትየን ዡል ማሬይ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የተርብ ክንፍ ጫፍ ላይ ስስ ወርቅ ለጥፎ በፀሐይ ብርሃን ሲያየው ክንፉ በአየር ላይ የስምንት ቁጥርን ቅርጽ ሲስል ተመለከተ። የክንፍ ምቱን በጥላሸት በተቀባ በሚሽከረከር በርሜል ላይ እያስጫረ ቆጠረ፤ ለንብ ያገኘው በሰከንድ 190 ነው። በማሬይ ተቋም የሚሠራው ሉሲየን በል እ.ኤ.አ. በ1904 የኤሌክትሪክ ብልጭታ ተጠቅሞ በሰከንድ ከሺህ በላይ ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ሠርቶ የነፍሳትን በረራ በፊልም አስቀረ። ምስጢሩ ካሜራው አልነበረም፤ ብልጭታው ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን የኤሌክትሮኒክስ ፍላሽን አሻሻለ። እንግሊዛዊው ስቲቨን ዳልተንም እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ርዝመቱ ከሰከንድ 25 ሺህኛ በማይበልጥ ብልጭታ በነጻ የሚበሩ ነፍሳትን ጥርት ባለ ቀለም አሳየ። ዛሬ በየትኛውም አገር የሚነሳ የበራሪ ንብ ፎቶ የዚህ ሥራ ልጅ ነው።

ሆለታ

ኢትዮጵያውያን ንብን በሳይንስ ዓይን ማየት የጀመሩት ከእንጦጦ ብዙም ሳይርቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሆለታ ላይ የንብ ማሠልጠኛና ማሳያ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በኋላ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ሆነ። ባለ ፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ለገበሬው የተዋወቀው በእሱ በኩል ነው። ለአናቢ ትልቅ ለውጥ ነበር፦ ፍሬሙ እየተመዘዘ ስለሚወጣ እጭና አውራ በቀን ብርሃን ይታያሉ። በሌሊት በእጅ ዳሰሳ ይሠራ የነበረው ሞያ ዓይን ገባበት።

በ1986 ዓ.ም. ጀርመናዊው ራይንሃርድ ፊችትልና ኢትዮጵያዊው አድማሱ አዲ ስለ ኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ንብ የምትቀስማቸው ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሣሮች አንድ በአንድ ከፎቶግራፋቸው ጋር ቀርበዋል፤ መቼ እንደሚያብቡና ወለላ ወይስ ብናኝ እንደሚሰጡ ተጽፏል። በአናቢዎች አፍ ብቻ ይኖር የነበረው የአበባ ዘመን አቆጣጠር በመጽሐፍ መልክ የተገኘው ያኔ ነው።

ከዚያ ጥያቄው ወደ ንቧ ራሷ ዞረ። የኢትዮጵያ ንብ የትኛዋ ናት? አማሳሉ በዛብህ፣ ኑሩ አድገባና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከየአካባቢው የሰበሰቧቸውን ንቦች የክንፍ ጅማት፣ የእግርና የሌላ አካል ልክ አነጻጽረው በአገሪቱ አምስት ዓይነት ዝርያ እንዳለ አመለከቱ፤ የመካከለኛውን ደጋ ንብ «ባንዳሲ» በሚለው ክፍል አስገቡት። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ መሰለ አበበ ለታ የተሳተፈበት ሌላ ጥናት የአገሪቱን ንብ ከጎረቤት አገሮች ንብ ለይቶ «ሲመንሲስ» የሚል አዲስ የዝርያ ስም ሰጠው። ተከራካሪዎቹ በአንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ የንብ መታወቂያ ክንፏ ላይ ነው። የጅማቱ መስመርና ማዕዘን ከአካባቢ አካባቢ ይለያል።

ክንፏን በበረራ ላይ የመዘገበ ሥራም ከመጀመሪያው ጥናት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ዳግላስ አልትሹለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በፈጣን ካሜራ ያነሷት ንብ ክንፏን በሰከንድ 230 ጊዜ ያህል ትመታለች። ተመራማሪዎቹ ንቧን ከተራ አየር በሳሳ የጋዝ ድብልቅ ውስጥ አበረሯት። ምቱን አላፈጠነችም፤ ክንፏን የምታወናጭፍበትን ስፋት ግን ጨመረች። እንጦጦ ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የደጋ ንብ ክንፏን ሰፋ አድርጋ መምታት አለባት ማለት ነው፤ ያንን የሚያሳይ ፎቶ በዚህ ጋራ ላይ ማንሳት ለሚችል ሰው ጥሩ ሥራ ነው።

ዛሬ በጋራው ላይ

ፎቶ አንሺው መማር ያለበት መጀመሪያ የአናቢውን ዕውቀት ነው። ንብ በብርድ አትወጣም። የደረቷ ጡንቻ ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ካልሞቀ መብረር አትችልም፤ እንጦጦ ላይ ኅዳር ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ የወጣ ሰው ባዶ አበባ ያነሳል። ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከረፋዱ ሦስትና አራት ሰዓት ጀምሮ፣ ሜዳው ይነቃል። ቀሰም ላይ ያለች ንብ ለሰው ደንታ የላትም፤ ቀፎ ፊት መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። የአገራችን ንብ ቀፎዋን አጥብቃ ትጠብቃለች። መመላለሻ መንገዷ ላይ ከመቆም ወደ ጎን ገለል ማለት፣ ጥቁር ልብስና ሽቶ ማስወገድ፣ አናቢውንም ማስፈቀድ ግድ ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። ንብ በሰከንድ ስድስት ሰባት ሜትር ትበርራለች። ሹተሩ 1/1000ኛ ሰከንድ ቢሆን እንኳ በዚያች ቅጽበት አካሏ ከግማሽ ሳንቲሜትር በላይ ይጓዛል፣ ክንፏም የአንድ ምቱን ሩብ ያህል ይጨርሳል፤ ውጤቱ የደበዘዘ ጥላ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች ፍላሹን ወደ ዝቅተኛ ኃይል ያወርዱታል። ኃይሉ ባነሰ ቁጥር ብልጭታው ያጥራል፤ ተራ ፍላሽ በዚህ መንገድ እስከ 1/10,000ኛ ሰከንድ ይወርዳል፤ ክንፉን የሚያቆመው ይህ ነው። ማክሮ ሌንስ በጣም ሲቀርብ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በኤፍ 11 እንኳ ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። ራሱ የሚያተኩር ካሜራ አይደርስባትም፤ ፎከሱ በእጅ አንድ ርቀት ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ ሰውየው ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘንበል እያለ ንቧ ወደዚያ ርቀት እስክትገባ ይጠብቃል።

እሷም ዕድል ትሰጣለች። አበባ ላይ ከማረፏ በፊት ለአፍታ አየር ላይ ቀጥ ትላለች፤ አንቴናዎቿንና የፊት እግሮቿን ወደ አበባው ትዘረጋለች። ሹተሩ የሚጫነው ያኔ ነው። የተሳካ ፎቶ ሲሰፋ በዓይን የማይታይ ይታያል፦ የፊትና የኋላ ክንፍ በደቃቅ መንጠቆ ተያይዘው እንደ አንድ ክንፍ ሲመቱ፣ በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች መካከል ግንባሯ ላይ ሦስት ጥቃቅን ዓይኖች ሲያበሩ፣ የኋላ እግሯ ላይ የተከመረው ብናኝ።

የእግሯ ብናኝ ከክንፏ ያላነሰ ዋጋ አለው። ከአደይ አበባ የወሰደችው ደማቅ ብርቱካናማ ቢጫ ነው፤ ከባሕር ዛፍ የምታመጣው የደበዘዘ ክሬም መልክ አለው። ንብ ለቀሰም የምትሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከቀፎዋ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ ከየካ ጓሮ የወጣች ንብ የምታመጣው ብናኝ በዚያ ሳምንት በጋራው ላይ ምን እንዳበበ ይነግራል። እንጦጦ ወደ አገር በቀል ዛፎቹ እየተመለሰ ነው ሲባል ማስረጃው የተተከለው ችግኝ ቁጥር ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ንቧ ኮሶውንና ግራዋውን እንደገና መቅሰም መጀመሯን የሚያሳይ ተከታታይ ፎቶም ማስረጃ ነው።

ችግሩ ፎቶዎቹ በአብዛኛው ያለ መረጃ መቅረታቸው ነው። «ንብ በእንጦጦ» ተብሎ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ምስል ከዓመት በኋላ ለውበቱ ካልሆነ አይረባም። ሂዩ ስኮት ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በመርፌው ሥር ያኖራት ትንሽ ወረቀት ዛሬም ለፎቶ ትሠራለች፤ ንቧን መግደል ደግሞ አያስፈልግም። ስለዚህ በዚህ መስከረም ካሜራውን ይዞ ወደ ጋራው የሚወጣ ሁሉ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር አራት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ንቧ የነበረችበትን አበባ ስም። የአበባውን ስም የማያውቅ ከጋራው ነዋሪዎች እናቶችን ወይም ንብ አናቢዎችን ይጠይቅ፤ የሰበሰበውን ደግሞ ለሆለታው ማዕከል ወይም በአቅራቢያው ላለ ዩኒቨርሲቲ ያካፍል።